ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ከመድኃኒት እስከ መንገድ ሥራ

አንገቱ፦ ከአንገቱ በደሎ መና በኩል ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ የሐረናን ጥቅጥቅ ደን አቋርጦ ወደ ሳነቴ ደጋ ይወጣል። ሳነቴ ከባሕር ጠለል በላይ 4 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ብርዳም ሥፍራ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ወይም ሕመም የጣለው ገበሬ በዚህ በኩል ወደ ጎባ ሆስፒታል ሲወሰድ፣ የሐኪሙ እጅ የሚደርስለት መንገዱ ካደረሰው ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን እውነት ቀደም ብለው ተረድተው፣ ከዋቢ ሸበሌ ማዶ በሚገኘው በጨርጨር በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1858 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በዚያ ትርምስ ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙትን ሕፃን ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የተባሉትም በእነዚሁ ሁለት ሰዎች ምክንያት ነው።

በሕንድ አገር በአምሪትሳር በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ቆይተውም ወደ ስኮትላንድ ሄደው ዕውቀታቸውን አዳበሩ። ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ ለብዙ ዓመታት በሐኪምነት አገለገሉ። ደመወዛቸው የተደላደለ፣ ማዕረጋቸውም የተከበረ ነበር።

የዓድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ ግን ልባቸው ወደ ተወለዱበት አገር አዘነበለ። በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ የአገራቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ያም ሆኖ ድንኳን ተክለው በሽተኛን ያለ ዋጋ ማከም ጀመሩ። ወሬው ተሰምቶ አያታቸው መጡና በገላቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ለዩዋቸው። ባለ ድንኳኑ ሐኪም ከ30 ዓመት በኋላ ከዘመዶቻቸው ጋር የተገናኙት፣ ወርቅነህ የተባለውን ስማቸውንም መልሰው ያገኙት በዚህ ዓይነት ነበር።

ከዚያ በኋላ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው፣ ዳግማዊ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ አክመዋል። በ1911 ዓ.ም. ገደማ ከበርማው ሥራ በጡረታ ሲሰናበቱ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉና ከልጆቻቸው ጋር ጠቅልለው በአገራቸው ተቀመጡ። በፍልውሃ መታጠቢያውን አሠሩ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ፊደልና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ባርነት በአዋጅ ቢነሣም፣ ነፃ የወጣው ልጅ የሚተዳደርበት ሙያ ከሌለው ተመልሶ በሌላ ሰው ደጅ እንደሚወድቅ ተረድተው ነበርና።

በ1922 ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨር ቡና አብቃይ ደጋ ሲሆን፣ የጂቡቲው ባቡር ሐዲድ ከግርጌው ባለው ቆላ ያልፋል። ሆኖም ሸክም የሚያልፍበት መንገድ በሌለበት ምርት ገበያ፣ በሽተኛም ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ይቸገራል። ስለዚህ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬውን ጭሮን፣ መቀመጫቸው አድርገው ከሁሉ አስቀድመው መንገድ ማሠራት ያዙ።

ሁለተኛው ሥራቸው ከመንገድ ይልቅ የከበደ ነበር። በዘመኑ ሹሙና ወታደሩ የሚኖረው ገባር ተመድቦለት ነው። ገበሬው ከግብሩ ሌላ እህል ሲፈጭ፣ እንጨት ሲፈልጥ፣ የሹሙን እርሻ ሲያርስ የራሱ ማሳ ጦም ያድር ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ሹማምንት በደመወዝ እንዲሠሩ፣ ግብርም በታወቀ መጠን ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ሥርዓት አወጡ። ይህ አሠራር በገባሩ ጉልበት ለመኖር የለመዱትን ያስቀየመ ቢሆንም፣ ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር።

ሥራው ሥር ሳይሰድ ጦርነት ቀረበ። በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ሆነው ሄዱ። ኢጣሊያ አገራቸውን በወረረች ጊዜም በዚያው ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ፤ ለቁስለኞች እርዳታ እንዲሰበሰብም ደከሙ። በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተካሄደው ፍጅት በፋሽስቶች እጅ ተገደሉ። በልጅነቱ ጦርነት ከወላጆቹ የለየው ሰው፣ በሽምግልናው ጦርነት ልጆቹን ነጠቀው።

ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በ87 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪምነታቸው ይታወሳሉ። ይሁን እንጂ ገጠሩ ለእርሳቸው ያለበት ብድር ከመርፌና ከክኒን ያልፋል። ለገበሬው ጤና መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና የተመጠነ ግብር እንደ መድኃኒት የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ያወቁ ሐኪም ነበሩ። ከሐረና ደን ሥር የታመመ ሰው ይዞ ሽቅብ ወደ ሳነቴ የሚመለከት ቤተሰብ ይህን ለመረዳት ሌላ አስረጂ አይሻም።