አንድሬ ልዎፍ፦ የሚያደባውን ቫይረስ የቀሰቀሱት ሊቅ

ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ አንድሬ ልዎፍ እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1902 በማዕከላዊ ፈረንሳይ፣ አይኔ ለ ሻቶ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ አባታቸው የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም፣ እናታቸው ደግሞ ቀራፂ ነበሩ። ልዎፍ ገና በ19 ዓመታቸው በፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ተቋም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1925 ያገቧቸው ማርግሪትም ተመራማሪ ስለነበሩ ባልና ሚስቱ ለአሥርታት በአንድ ላቦራቶሪ ጎን ለጎን ሠርተዋል።

ባክቴሪያን የሚወርሩ ቫይረሶች ባክቴሪዮፋጅ፣ ባጭሩ ፋጅ ይባላሉ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጡት ፌሊክስ ዴሬል ናቸው፤ እኚህ ሰው በኋላ በግብፅ፣ በእስክንድርያ ተቀምጠው የቸነፈር ሕሙማንን በፋጅ ለማከም ሞክረዋል። በተለመደው መንገድ ፋጁ ዘረመሉን ወደ ባክቴሪያዋ ያስገባል፤ በውስጧ ይባዛል፤ ጥቂት ቆይቶም እርሷን አፍርሶ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ይሁን እንጂ ከፋጅ ተለይተው ለዓመታት በተጠበቁ አንዳንድ የባክቴሪያ ዘሮች መካከል አንድ ቀን ፋጅ ብቅ ይላል። ከየት መጣ? ስመ ጥሩው ማክስ ዴልብሩክን ጨምሮ ብዙዎች የንጽሕና ጉድለት ነው ብለው አለፉት። በዚያው በፓስተር ተቋም የነበሩት ባልና ሚስት፣ ኤውጄንና ኤሊዛቤት ቮልማን ግን፣ ፋጁ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ነገር ነው ሲሉ በ1930ዎቹ ተከራከሩ። ክርክሩ ሳይቋጭ ሁለቱም በአይሁዳዊነታቸው ተይዘው ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አውሽዊትዝ ተጋዙ፤ አልተመለሱም።

ልዎፍ በዚያ ዘመን የናዚን ወረራ በሚታገለው ኅቡዕ ንቅናቄ ውስጥ ነበሩ፤ አውሮፕላናቸው ተመትቶ የወደቀባቸውን አሜሪካውያን አብራሪዎች በገዛ ቤታቸው ሸሽገዋል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የቮልማኖችን ጥያቄ፣ እነርሱ የሠሩባትን ባሲለስ ሜጋቴሪየም የተባለችውን ባክቴሪያ ሳይቀር፣ እንደገና አነሡ። የሟቾቹ ልጅ ኤሊ ቮልማንም በልዎፍ ላቦራቶሪ ሠርተዋል።

ልዎፍ አንዲት ባክቴሪያ ብቻዋን በአጉሊ መነጽር ሥር በጠብታ ውስጥ አኖሩ። ለሁለት በተከፈለች ቁጥር አንደኛዋን እያነሡ፣ በዙሪያዋ ያለውንም ፈሳሽ እየመረመሩ 19 ትውልድ ቆጠሩ። በፈሳሹ ፋጅ አልተገኘም፤ የመጨረሻዎቹ ልጆች ግን ፋጅ የማፍራት ኃይላቸው እንዳለ ነበር። ልዎፍ ለዚህ ድብቅ መልክ ፕሮፋጅ የሚል ስም አወጡለት። በብርዱ ወራት ከጀህራ ወዲያ ድንኳን ለመትከል የወጣ ሰው፣ ወራት ሙሉ ደረቅ የነበረው አሸዋ ዝናብ አግኝቶ አረንጓዴ ሲለብስ ያያል። ዘሩ እዚያው ነበር።

ታዲያ የፋጁ ዝናብ ምንድን ነው? ልዎፍ ከውጭ የሚመጣ ቀስቃሽ አለ ብለው አስቀድመው በጽሑፍ ስላሳወቁ፣ ማስረጃ የማምጣቱ ዕዳ በራሳቸው ላይ ወደቀ። ከሉዊ ሲሚኖቪችና ከኒልስ ኬልጎርድ ጋር ወራት ሙሉ ደከሙ፤ ውጤት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1950፣ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ፣ ባክቴሪያዎቹን ለጥቂት ሰከንዶች በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አኖሩ። ጨረሩ ባክቴሪያንም ፋጅንም የሚገድል በመሆኑ ሙከራው የማይረባ ይመስል ነበር።

ላቦራቶሪው ከተቋሙ ጣሪያ ሥር ነበር፤ በበጋ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ይህ ለኩዌት ነዋሪ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ለፓሪስ ሰው ግን ጭንቅ ነው። ልዎፍ በላብ ተነክረው ወንበር ላይ ተዘረሩ። የላቦራቶሪ ረዳታቸው በየ15 ደቂቃው የፈሳሹን ድፍርስነት እየለካች ትመጣለች። ረዳቶቹ ከሥራው ጋር ከመዋሐዳቸው የተነሣ ስለ ባክቴሪያዎቹ ሲናገሩ ስለ ራሳቸው የሚናገሩ ያህል ነበር፤ ይህችኛዋም በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በደኅና እያደገች መሆኗን ነገረቻቸው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ስድሳ ደቂቃ ሲሞላ ግን ገብታ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ፈጽማ መሟሟቷን አስታወቀች። ድፍርሱ ፈሳሽ ጠርቶ ነበር፤ ባክቴሪያዎቹ ፈንድተው በምትካቸው ፋጅ ሞልቶበታል።

በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ምን እንደተሠራ የተረዱት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ናቸው። በጦርነቱ ቆስለው የቀዶ ሐኪምነት ምኞታቸው የተሰናከለው ፍራንስዋ ዣኮብ ከኤሊ ቮልማን ጋር፣ ቀጥሎም በዚያው ጣሪያ ሥር ከነበሩት ዣክ ሞኖ ጋር መንገዱን ከፈቱ። ላምዳ በተባለው ፋጅ እንደታወቀው፣ ተደብቆ የሚኖረው ፕሮፋጅ አንድ አፋኝ ፕሮቲን ያሠራል፤ ይህም ሌሎቹን ዘረመሎች ከሞላ ጎደል ሁሉ ዝም ያሰኛል። ጨረሩ የባክቴሪያዋን ዲኤንኤ ሲጎዳ፣ ለጥገና የሚነሣው የባክቴሪያዋ ፕሮቲን አፋኙ ራሱን እንዲቆርጥ ያነሣሣዋል። ከዚያም ዘረመሎቹ በተራ ይነበባሉ እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ጥቂቶች ይነበባሉ፤ ከእነርሱ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ንባቡ ይቆምበት ከነበረው ስፍራ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሌላ ፕሮቲን ደግሞ የኋለኞቹን ዘረመሎች ይከፍትና የፋጁ ራስና ጅራት ይሠራሉ። የባክቴሪያዋን ግድግዳ የሚያፈርሱት ፕሮቲኖች ሥራቸውን የሚጨርሱት በስተመጨረሻ ነው። ቢቸኩሉ ኖሮ ቤቱ ፋጆቹ ሳይገጣጠሙ በላያቸው ይፈርስ ነበር።

የተደበቀው ፋጅ ለሰው ጤናም እንግዳ አይደለም። በአገር ቤት ዘጊ አናዳ የሚባለው የዲፍቴሪያ ባክቴሪያ መርዝ የሚያመነጨው ፋጅ ሲያድርበት መሆኑ በ1951 ታየ። የኮሌራ መርዝም በፋጅ ላይ ተጭኖ እንደሚጓዝ በ1996 ተረጋግጧል።

ልዎፍ፣ ዣኮብና ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1965 የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የማርግሪት ስም በሽልማቱ አልተነሣም፤ የባልና ሚስቱን የቀደሙ ሥራዎች ለሚያውቅ ይህ ቅር ያሰኛል። ልዎፍ ከ1968 እስከ 1972 በቪልዥዊፍ የካንሰር ምርምር ተቋምን መሩ፤ ሥዕል መሣልም ይወዱ ነበር። ማርግሪት በ1979 አረፉ፤ እርሳቸውም ሴፕቴምበር 30 ቀን 1994 በፓሪስ፣ በ92 ዓመታቸው ተከተሏቸው።