ገንዘቡን ያልበላው ሕፃን

የእህቴ ልጅ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ቲክቶክ ላይ ሰው የሚያስቅባቸውን ቪዲዮዎች የምቀርጸው እኔ ነኝ። ባለፈው አንድ ሱቅ ለማስታወቂያ ከፈለን። ብሩ የት ገባ? አሁን በምጽፍበት ስልክ ላይ። ነገሩ ምንም አልመሰለኝም ነበር፣ የጃኪ ኩጋንን ታሪክ እስካነብ ድረስ።

ጃኪ እ.ኤ.አ. በ1914 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። በ1921 በወጣው «ዘ ኪድ» ፊልም ላይ ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የሚዞረው ያ አንጀት የሚበላ ሕፃን እሱ ነው። ዓለም አበደለት። አሻንጉሊቱ ሳይቀር በስሙ ተቸበቸበ።

ከዚያስ? ከዚያማ አደገ። ጎረመሰ፣ ሥራውም ቀዘቀዘ። በ1935 አባቱ በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ከመኪናው በሕይወት የወጣው ጃኪ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት 21 ሞላውና የልፋቱን ጠየቀ። በልጅነቱ ያገኘው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ይገመታል። እናቱና እንጀራ አባቱ ግን የልጅ ገቢ የወላጅ ነው ብለው ድርቅ አሉ። የሚያሳዝነው፣ የዚያን ጊዜው ሕግም ከእነሱ ጋር ነበር። በ1938 እናቱን ከሰሰ። በመጨረሻ እጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው።

ክሱ ግን ባዶ አልቀረም። በ1939 ካሊፎርኒያ በተለምዶ በእሱ ስም የሚጠራውን ሕግ አወጣች፤ ከሕፃን ተዋናይ ገቢ ከፊሉ ለራሱ እንዲቀመጥለት የሚያስገድድ ነው።

እሱም ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተር አልባ አውሮፕላን እያበረረ በርማ ድረስ ዘመተ። ከ1964 እስከ 1966 ደግሞ «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መላጣው አጎት ፌስተር ሆኖ እንደገና ሰው አሳቀ። ያ ቆንጆ ሕፃን ነው ቢባል ማን ያምናል? በ1984፣ በ69 ዓመቱ አረፈ።

በ2024 ካሊፎርኒያ ይህንኑ ጥበቃ በኢንተርኔት ቪዲዮ ለሚሠሩ ሕፃናትም አሰፋችው። እኛ ቤት ግን ሕግ እስኪመጣ አልጠበቅንም። ከእህቴ ጋር ተነጋግረን በልጁ ስም የባንክ ደብተር አወጣን። የስልኩን ዋጋ በየወሩ ከደሞዜ እየቆረጥኩ እያስገባሁለት ነው። ነገ አድጎ ሲጠይቀኝ አይኑን ማየት እፈልጋለኋ!

እናንተስ፣ የምትቀርጹት ሕፃን አለ?