ሌዎንሃርድ ኦይለር፦ የእንቆቅልሽ ፈቺው ሕይወትና የፕሮግራም ቋንቋ ትምህርት

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቋንቋ መማር ለሚጀምር ሰው በየሀገሩ ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱ ከ1000 በታች ካሉት ቁጥሮች መካከል ለ3 ወይም ለ5 ያለ ቀሪ የሚካፈሉትን ደምሮ ማግኘት ነው። ድምሩ 233,168 ይሆናል። ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሒሳብ እንቆቅልሾችን የያዘው፣ ፕሮጀክት ኦይለር የተሰኘው ስብስብ መክፈቻ ነው። ስሙ ለስብስቡ የተሰጠው ሰው ግን ኮምፒዩተርን አላየም፤ በሕይወቱ ማብቂያ ዓመታት ወረቀትና ቀለምም በውል አይታዩትም ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሰውየውን የሕይወት ታሪክ ከአንድ ጥያቄ አንጻር መመልከት ነው፤ ይኸውም እንቆቅልሽ መፍታት ሰውን ምን ያስተምረዋል የሚለው ነው።

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ፕሮግራሚንግ የተማርነው ከጥቁር ሰሌዳ እየገለበጥን ነበር፤ የገለበጥነውን ሸምድደን በፈተና ወረቀት ላይ መልሰን እንጽፋለን፤ የጻፍነው ፕሮግራም ይሥራ አይሥራ ሳናይ መንፈቀ ዓመቱ ያልቃል። ባለፈው ክረምት ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ዘጠኝ ወጣቶችን ፓይተን የተባለውን ቋንቋ በእንቆቅልሽ ለማስተማር ስሞክር የነበሩን ሦስት ላፕቶፖች ብቻ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. በሁለቱ ከተሞች በደረሰው የጦርነት ውድመት የወሎ ዩኒቨርሲቲም ከተጎጂዎቹ አንዱ ስለ ነበር፣ የመሣሪያ እጥረት በአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ በማሽኑ ሲጽፍ ሁለቱ ተራቸውን እስኪያገኙ በወረቀት ያስባሉ። መልሱን በወረቀት ያገኙት ቀደሙ። በ3 የሚካፈሉትን ለብቻ፣ በ5 የሚካፈሉትን ለብቻ ደምረው፣ በ15 የሚካፈሉት ሁለት ጊዜ መቆጠራቸውን አንዷ ተማሪ አስተዋለችና ቀነሷቸው፤ 166,833 ሲደመር 99,500፣ ሲቀነስ 33,165። ማሽኑን የያዘው ልጅ ደግሞ ያንኑ መልስ ያገኘው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየፈተሸ ነው። ከሁለቱ የትኛው ፕሮግራሚንግ ተማረ? ወደ ኦይለር የመለሰኝ ይህ ነው።

ኦይለር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1707 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የኦይለር ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አባቱ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ስለ ነበር ልጁም መንገዱን እንዲከተል ይሻ ነበር። ልጁ በ13 ዓመቱ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የማስተርስ ማዕርጉን የዴካርትንና የኒውተንን ፍልስፍና በማነጻጸር ሲቀበል 16 ዓመቱ ነበር፤ በሃያዎቹ ማብቂያ ላይ ሆነን ከመመረቂያ ጽሑፍ ጋር ለምንታገል ሰዎች ይህ ደስ የሚል ንጽጽር አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርቱ ግን ከመደበኛው ክፍል ውጪ የተገኘ ነው። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ዮሐን ቤርኑሊ ሥራ ስለሚበዛበት ኦይለርን ለብቻው ሊያስተምረው አልፈቀደም፤ ይልቁንም ከባድ ከባድ መጻሕፍትን እየመረጠ ብቻውን እንዲያነብ አዘዘው፤ ያልገባውን ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲመጣ ፈቀደለት። ወጣቱ መምህሩን በብዙ ጥያቄ እንዳያስቸግር እየሠጋ በሳምንቱ ውስጥ የቻለውን ያህል ራሱ ይፈታ ነበር። ለቅዳሜ የሚተርፈው እውነተኛው ችግር ብቻ ነው። ለእኔ ከኦይለር ሕይወት ሁሉ ለመምህር የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው።

በባዝል ያመለከተበትን የመምህርነት ቦታ ሳያገኝ ስለ ቀረ፣ በ1727 የ20 ዓመት ወጣት ሆኖ አዲስ ወደ ተቋቋመው የሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ሄደ። ዘመኑ በእኛ ሀገር ዐፄ በካፋ በጎንደር የነገሡበት ነው። በ1734 ካታሪና ግዜል የተባለችውን የሠዓሊ ልጅ አገባ፤ ከወለዷቸው 13 ልጆች ከሕፃንነት የተረፉት አምስት ብቻ ናቸው። ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሌሎቹ እግሩ ሥር እየተጫወቱ ይሠራ እንደ ነበር ይነገራል።

ስሙን በአውሮፓ ያስጠራው በእርሱ የትውልድ ከተማ ስም የሚታወቀው የባዝል ጥያቄ ነው። አንድ፣ ሲደመር አንድ አራተኛ፣ ሲደመር አንድ ዘጠነኛ፣ ሲደመር አንድ አሥራ ስድስተኛ እያለ ያለ ማብቂያ ሲቀጥል ድምሩ ስንት ላይ ያርፋል? የፕሮግራም ጀማሪ ይህን በአራት መስመር ይጽፈዋል። የመጀመሪያዎቹን 1000 ቁጥሮች ሲደምር 1.6439 ገደማ ያገኛል፤ ስሕተቱ ግን ገና አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ስድስት አኃዝ ትክክል ለማድረግ ሚሊዮን ያህል ድምር ያስፈልገዋል። ኦይለር ሚሊዮን ጊዜ ሊደምር አይችልም። ስለዚህ ያንኑ ድምር ቶሎ ወደ መልሱ በሚጠጋ ሌላ ድምር ለወጠው፤ በጥቂት ስሌትም 1.644934 አገኘ። ቁጥሩን ካወቀ በኋላ ምን እንደሆነ መፈለግ ቻለ፤ በ1735 የፓይ ካሬ ለ6 ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባል፤ ስሌቱ ቀደመ፣ ማረጋገጫው ተከተለ።

በ1732 ያደረገው ደግሞ ለተማሪዎቼ የበለጠ ግልጽ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፈረንሳዊው ፌርማ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ዓይነት ቁጥሮች ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ለ1ና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ ናቸው ብሎ ገምቶ ነበር። ከእነዚህ አንዱ 2ን 32 ጊዜ እርስ በርሱ አባዝተን 1 ስንጨምርበት የሚገኘው 4,294,967,297 ነው። ኦይለር ይህ ቁጥር ለ641 እንደሚካፈልና ድርሻው 6,700,417 መሆኑን አሳየ። ከ2 ጀምሮ በየቁጥሩ እያካፈለ የሚሄድ ፕሮግራም 641 ላይ ለመድረስ 640 ጊዜ ያካፍላል፤ ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ የሚሞክር 116 ጊዜ። ኦይለር በኋላ እንዳረጋገጠው ግን የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 ሊተርፈው ግድ ነው። ይህን ለሚያሟሉ ብቸኛ ቁጥሮች ተራው 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ነው። አምስተኛው ሙከራ መልሱ ነው።

ቀሪን መቁጠር ለእኛ ሀገር ሊቃውንት እንግዳ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ማንሳት ያሻል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስም ሆነ በሌሎች ገዳማትና አድባራት የሚታወቀው ባሕረ ሐሳብ በቀሪ ላይ የቆመ ስሌት ነው። የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 1 አበቅቴው ነው፤ 11 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 29 መጥቅዑ ነው። ሁለቱ ለምን 30 እንደሚሞሉ ለተማሪዎቹ ጥያቄ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ከኦይለር እንቆቅልሾች ይልቅ በዚህ የተከራከሩበት ሰዓት ይበልጣል።

የሰባቱን ድልድዮች ጉዳይ አሳጥሬ አልፋለሁ፤ በየመጽሐፉ አለና። የኮኒግስበርግ ነዋሪዎች እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ከተማዋን ማዳረስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ ነበር፤ ኦይለር በ1735 መንገዱን ከመፈለግ ይልቅ ወደ እያንዳንዱ የብስ የሚደርሱትን ድልድዮች ቆጠረ፤ አራቱም ጎዶሎ ሆኑ፤ ስለዚህ አይቻልም። ይህንኑ ቆጠራ ተማሪ በቦርከና ወንዝ ድልድዮች ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ ፕሮግራሙ ከሃያ መስመር አይበልጥም።

በ1738 ገደማ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። በ1741 በፕሩሲያው ንጉሥ በዳግማዊ ፍሬደሪክ ጥሪ ወደ በርሊን ሄዶ 25 ዓመት ተቀመጠ። ንጉሡ ጨዋታ ዐዋቂ ፈላስፎችን ስለሚወድ ጸጥተኛውን ሒሳብ ዐዋቂ አላከበረውም፤ በአንድ ዓይንነቱም ይቀልድበት ነበር። በ1760 የሩሲያ ወታደሮች በርሊን ሲደርሱ በሻርሎተንቡርግ የነበረውን እርሻውን ዘረፉበት፤ ኋላ ግን የሩሲያ መንግሥት ካሠው። በ1766 ወደ ፒተርስበርግ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ የግራ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። በ1771 ቤቱ በእሳት ተቃጠለ፤ እርሱን አንድ የባዝል ተወላጅ የእጅ ባለሙያ ተሸክሞ አወጣው፤ አብዛኛዎቹ ጽሑፎቹም ተረፉ። በዚያው ዓመት የተደረገለት የዓይን ሕክምና ለጥቂት ጊዜ ብርሃኑን መልሶለት ነበር፤ ቆይቶ ፈጽሞ ጠፋ።

ከሥራዎቹ ግማሽ ያህሉ የተዘጋጁት ዓይኑ ከጠፋ በኋላ መሆኑ ለብዙዎች የሚያስገርም ነው። የቅኔ ቤት ሥርዓትን የሚያውቅ አንባቢ ግን ያን ያህል አይደነቅም፤ ዓይነ ስውር የኔታ በቃላቸው ሲዘርፉ፣ ሲያርሙና ሲያስቀጽሉ ማየት በሀገራችን የታወቀ ነው። ኦይለርም የቨርጂልን ረጅም የላቲን ግጥም ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣ ነበር። አልጀብራን ለጀማሪ የሚያስተምር መጽሐፍ በቃሉ እያስጻፈ አዘጋጀ፤ ጸሐፊው ከበርሊን ይዞት የመጣ፣ ልብስ ስፌት ይማር የነበረና የሒሳብ ዕውቀት ያልነበረው ወጣት ነው። በመጽሐፉ መግቢያ እንደተመለከተው ይህ ወጣት የሚጻፈውን እየተረዳ ሄዶ ከባባድ ጥያቄዎችን ራሱ ለመፍታት በቃ። መጽሐፉ በሩሲያኛ በ1768፣ በጀርመንኛ በ1770 መውጣት ጀመረ። የወጣቱ ትምህርት ከእኛ ከሰሌዳ መገልበጥ የሚለየው በምንድን ነው? ሁለቱም የሌላውን ቃል ይጽፋሉ። ልዩነቱ በእኔ ግምት መጽሐፉ በጥያቄ የተሞላ መሆኑ ነው፤ ደንቡ የሚመጣው ጥያቄውን ለመፍታት ሲያስፈልግ ነው።

በ1772 ዓይነ ስውሩ ኦይለር 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ለቤርኑሊ ቤተሰብ አባል በደብዳቤ ገለጸ። ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ በብዙ ቋንቋዎች በ32 ቢት የሚያዝ ሙሉ ቁጥር ከዚህ አያልፍም። በተራ መንገድ ለማረጋገጥ እስከ 46,340 ድረስ ማካፈል ይጠይቃል፤ ኦይለር አካፋዮቹ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 ሊተርፋቸው እንደሚገባ ስላወቀ ሊፈተሹ የሚችሉት ከ380 ያነሱ ሆኑ። ቁጥሩ ከ80 ዓመት በላይ የሚታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ቆየ።

ይህ ሁሉ ሲባል ኦይለር አልተሳሳተም ማለት አይደለም፤ ማሽኑን የያዘው ተማሪም የሚካስበት ቦታ አለ። ኦይለር በ1769 አምስተኛ ርቢ የሆነ ቁጥር ለማግኘት ቢያንስ አምስት አምስተኛ ርቢዎች መደመር አለባቸው ብሎ ገመተ። መላምቱ 197 ዓመት ጸና። በ1966 ላንደርና ፓርኪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሲዲሲ 6600 በተባለ ኮምፒዩተር ቁጥሮችን በተራ እያስፈለጉ የ27፣ የ84፣ የ110 እና የ133 አምስተኛ ርቢዎች ሲደመሩ የ144ን አምስተኛ ርቢ እንደሚሰጡ አገኙ፤ ጽሑፋቸው ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብልኀት ያላየውን ድካም የማይሰማው ማሽን አየው። እንቆቅልሽ የፕሮግራም ሙያን ሁሉ እንደማያስተምርም አልክድም፤ ከሌሎች ጋር ትልቅ ሥርዓት መገንባትን፣ የሰው መረጃ መጠበቅን ከብቸኛ ቁጥር አንማርም። ዘጠኙ ተማሪዎች ግን ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ማሽኑ ባዶ ሲሆን እንኳ ወረቀታቸውን ሳይጨርሱ አይነሱም ነበር።

ኦይለር ከሞተ በኋላ አካዳሚው የተወውን ጽሑፍ ለአሥርት ዓመታት ሲያትም ኖረ፤ ስዊዲናዊው ኤነስትሮም በዘረዘረው ማውጫ የሥራዎቹ ቁጥር 866 ደርሷል። ያረፈው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ከልጅ ልጆቹ አንዱን ሒሳብ አስተማረ፤ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አየር ላይ የወጡት ፊኛዎች እንዴት እንደሚነሡ በጠመኔ አሰላ፤ ከረዳቶቹ ጋር ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ተገኘችው ስለ ዩራነስ ምሕዋር ተነጋገረ። ወደ ማታ ገደማ በአንጎሉ ደም ፈሶ ወደቀ። የፊኛው ስሌት በሰሌዳው ላይ እንደ ነበረ ተገኝቶ በኋላ በፓሪስ ታተመ።