ብላቴን ጌታ ኅሩይና የባሕር ማዶ መንገዳቸው

የዕረፍት ወራት ሲቃረብ በሻሸመኔ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል የሚሰማው ወሬ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዷል። ቀድሞ ወሬው ስለ ላንጋኖና ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ገንዘቡን ጥቂት ዓመት አጠራቅሞ ካይሮን፣ አቴናን፣ ሮማንና ፓሪስን በአንድ ፈቃድ ለማዳረስ የሚያስብ አይታጣም። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የከተሞቹ ስም እየበዛ ቀኖቹ እያነሱ ሲሄዱ፣ መንገደኛው ከአውሮፕላን ጣቢያና ከሆቴል በቀር ምን አይቶ ይመለሳል ብለን መጠየቃችን አልቀረም። ስለዚህ ብዙ ከተማ በዝግታ ካዩት ከቀደሙት ሰዎቻችን የአንዱን፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሕይወት ለማውሳት ወደድን።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. ግድም በሸዋ በመርሐቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ በእንጦጦ ራጉኤል አገልግለው፣ በብዕራቸው ወደ ቤተ መንግሥት የቀረቡ ሰው ናቸው። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ ዘውድ ሲጭን፣ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የሚመራው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ጓድ ወደ ሎንዶን ሲሄድ ኅሩይም አብረው ሄዱ።

በዚያን ጊዜ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ ግን ገና አልገባም። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን አገር በበቅሎ ማቋረጥ ነበረበት። ስንቁ፣ ድንኳኑ፣ የጭነት አጋሰሱ፣ ውሃ የሚገኝበት ሰፈር ሁሉ አስቀድሞ ይታሰባል። የዛሬው ወጣት ስለ ቪዛና ስለ ሆቴል ቦታ የሚጨነቀውን ያህል የዚያ ዘመን ሰው ስለ በቅሎው ጀርባ ይጨነቅ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ መንገዱም እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። የሻሸመኔ ሰው ወደ ዋናው ከተማ ሲወጣ የሚያልፍባት ሞጆ፣ ቀጥላም አዳማ፣ ኅሩይ በኋላ ደጋግመው በባቡር መስኮት ያዩዋቸው ጣቢያዎች ናቸው። ባቡሩም ሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው አዋሽ ያድራል፣ ድሬዳዋ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ደርሶ ደግሞ መርከብ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ መዘግየት በግድ የመጣ እንጂ የተመረጠ አልነበረም። ሆኖም ኅሩይ ብዙ መጻፋቸው ከዚህ ግድ ጋር የተያያዘ ይመስለናል፤ በመርከብ ላይ ከመጻፍ ሌላ ምን ሥራ አለ?

ከጉዞዎቹ ሁሉ ሰፊው በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ያደረጉት ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ፣ ከአራት ወር በላይ ፈጀ። ኢየሩሳሌም፣ ካይሮ፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ ስቶክሆልም፣ ሮማ፣ ሎንዶን፣ ጄኔቭ፣ አቴና ታዩ። ራስ ኃይሉና ራስ ሥዩም አብረው ነበሩ፤ ለነገሥታቱ ገጸ በረከት የሚሆኑ አንበሶች ሳይቀሩ ተጭነው ሄዱ። ኢየሩሳሌም ላይ ጓዱ የሙዚቃ መሣሪያ የሚነፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አገኘ። እነዚህ አርባ ልጆች በኋላ አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥቱን የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። እንዲህ ያለው ነገር በማናቸውም የመንገድ ዕቅድ ላይ አልተጻፈም። ከተማዪቱን ለመሳለም ገብቶ በዚያው ቀን የሚወጣ እንግዳ ባላገኛቸውም ነበር።

ኅሩይ የዚህን ጉዞ ታሪክ «ደስታና ክብር» ብለው ጻፉ። እውነቱን እንናገር፤ መጽሐፉ ለዛሬ አንባቢ አንዳንድ ቦታ ይከብዳል፤ የአቀባበሉና የግብዣው ሥርዓት ብዙ ቦታ ይዟል። ጸሐፊው የመንግሥት ሰው ነበሩና ያልተጋበዙበትን ሰፈር ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም።

ይህ ጉድለት ይበልጥ የሚታየው በጃፓን ጉዟቸው ላይ ነው። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ ልጅ አርአያ አበበን፣ ተፈሪ ገብረ ማርያምንና ዳባ ብሩን አስከትለው ለሳምንታት በመርከብ ተጉዘው ጃፓን ገቡ። ቶኪዮንና ኦሳካን፣ ትምህርት ቤቱንና ፋብሪካውን አዩ፤ በንጉሠ ነገሥቱም ፊት ቀረቡ። (ልጅ አርአያ ከጃፓን ሴት ጋር ይጋባል የተባለው ወሬ ከዚህ ጉዞ የመነጨ ነው፤ ጋብቻው ግን ሳይሆን ቀረ።) በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለው መጽሐፋቸው ወጣ። ጃፓን በአጭር ዘመን የሠለጠነች ጥንታዊ መንግሥት ናትና ኢትዮጵያም እንደ እርሷ ልትሆን ትችላለች የሚለው ተስፋ በመጽሐፉ ውስጥ ሞልቷል፤ ብዙ የተማሩ ወጣቶችም ተስፋውን ተቀብለውት ነበር። ነገር ግን ኅሩይ ጉዞውን በጀመሩበት በመስከረም ወር የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መያዝ ጀምሮ ነበር። ከአምስት ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ጃፓን የኢጣሊያን ወረራ አጸደቀች። ባለቤቱ መርጦ የሚያሳየው እንግዳ፣ ጊዜ ቢሰጠውም እንኳ፣ የሳሎኑን እንጂ የጓዳውን አያይም። እኛ ኅሩይን በዚህ አንነቅፋቸውም፤ ተስፋው ያስፈልጋቸው ነበር።

ይልቁንስ መንገዱ ምን እንዳስተማራቸው የሚታየው በ1925 ዓ.ም. በወጣው «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለዳቸው ነው። ዐወቀ የተባለው ወጣት ፓሪስ ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር በተዝካሩና በጋብቻው ነገር ይጋጫል። ኅሩይ እዚህ ላይ ስለ ፓሪስ ሕንፃ አልተጨነቁም፤ አገሩ የገባው ሰው በአገሩ እንዴት ይኑር የሚለውን ያዙ። ከሄደ ይልቅ ስለ ተመለሰ ሰው የጻፈ መንገደኛ ብርቅ ነው።

እርሳቸው ግን ከመጨረሻው መንገድ አልተመለሱም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በዚያው ባቡር፣ በሞጆና በአዳማ በኩል፣ ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ኢየሩሳሌምን ደግመው አዩ፤ እንግሊዝንም ደግመው አዩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ግብዣና ሰልፍ የለም። ባዝ በምትባለው ከተማ፣ በስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ቤት ተቀመጡ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደለ። እርሳቸውም በመስከረም 1931 ዓ.ም. ባዝ ላይ አረፉ፤ አገራቸው ነፃ ልትወጣ ሦስት ዓመት አልቀራትም ነበር።

ሌላው ልጃቸው ሲራክ በኦክስፎርድ የተማረ ሰው ነበር። ከነፃነት በኋላ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን የጻፈውን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መለሰው፤ ኢትዮጵያን በዓይኑ ያላየ ደራሲ፣ ከሸለቆው ወጥቶ ዓለምን ሊያይ ስለ ሄደ ኢትዮጵያዊ ልዑል የጻፈውን መጽሐፍ።