አሚር ዐብዱልቃድር አል-ጀዛኢሪ፦ የደማስቆ ክርስቲያኖች ጋሻ

በሙስሊሙ ዓለም የጀግኖች ታሪክ ሲወሳ የአልጄሪያው አሚር ዐብዱልቃድር ስም አይቀርም። በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት እንደታዘብነው ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በፈረስ ላይ ሆነው ከፈረንሳይ ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በስደት ሳሉ በደማስቆ የሠሩትን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህኛው ላይ እንቆያለን።

አሚሩ እ.ኤ.አ. በ1808 በምዕራብ አልጄሪያ፣ በሙዐስከር ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ሸይኽ ሙሕዪዲን የቃዲሪያ ጠሪቃ ሸይኽ ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ሐጅ አድርገዋል፤ በዚያው ጉዞ ደማስቆንና ባግዳድን አይተዋል። ፈረንሳይ በ1830 አልጀርስን ያዘች። ከሁለት ዓመት በኋላ የምዕራቡ ጎሳዎች ተሰብስበው በይዐ ሲሰጧቸው አሚሩ ዕድሜያቸው 24 ነበር።

ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ተዋጉ። ሁለት ጊዜ ከፈረንሳይ ጄኔራሎች ጋር ውል ተፈራረሙ፤ ሁለቱም ፈረሱ። በዚህ ሁሉ መሀል ልናልፈው የማይገባን አንድ ነገር አለ፤ የምርኮኞች አያያዛቸው። ምርኮኛን መግደልና ማንገላታት ከልክለው ነበር፤ ምርኮኛን በሕይወት ላመጣ ወታደር ሽልማት ይሰጡ ነበር። ሴት ምርኮኞችን የሚንከባከቡት እናታቸው ነበሩ። ምርኮኞች ስለሚለቀቁበት ሁኔታ ከአልጀርሱ ጳጳስ ጋር ተጻጽፈዋል፤ የሚያበሏቸው ሲያጡ ደግሞ ያለ ልዋጭ የለቀቋቸው ነበሩ።

በታኅሣሥ 1847 ሰይፋቸውን ያስረከቡት ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሌክሳንድሪያ ወይም ወደ ዐካ እንዲሄዱ ቃል ተገብቶላቸው ነው። ፈረንሳይ ቃሏን አጠፈች። መጀመሪያ በቱሎን፣ ቀጥሎ በፖ፣ በመጨረሻም በአምቧዝ ግንብ አምስት ዓመት ያህል አሰረቻቸው። በአምቧዝ አብረዋቸው ከነበሩት ብዙዎቹ፣ ሕፃናት ጭምር፣ በዚያ ሞተው እዚያው ተቀብረዋል። በ1852 ሉዊ ናፖሊዮን ፈታቸው። ወደ ቱርኳ ቡርሳ፣ ከዚያም በ1855 ወደ ደማስቆ ሄዱ። በደማስቆ በታላቁ የኡመያ መስጂድ እያስተማሩ፣ ተከትለዋቸው ከመጡ አልጄሪያውያን ጋር መኖር ጀመሩ።

የ1860ው ፍጅት በአንድ ቀን የተወለደ አልነበረም። በ1856 የዑስማኒያው ሱልጣን ሙስሊም ላልሆኑ ዜጎች እኩል መብት የሚሰጥ አዋጅ አወጣ። በጂዝያ ምትክ ክርስቲያኖች ለውትድርና መተኪያ ግብር እንዲከፍሉ ተደረገ፤ እነርሱም ለመክፈል አመነቱ። ከአውሮፓ የሚገባ ጨርቅ የከተማዋን ሸማኔዎች ሥራ አሳጥቷቸው ነበር። የተወሰኑ ክርስቲያን ነጋዴዎች ደግሞ በቆንስሎች ጥላ ሥር ሀብት አካብተዋል። በዚህ ላይ በሊባኖስ ተራራ በድሩዞችና በማሮናውያን መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ወሬው በየቀኑ ደማስቆ ይደርስ ነበር። አሚሩ የሚመጣውን አይተው ወደ ከተማዋ አስተዳዳሪ አሕመድ ፓሻ ደጋግመው ሄደው አስጠነቀቁ፤ ዑለማዎችንም አነጋገሩ። ፓሻው አልሰማቸውም። ስለዚህ ራሳቸው ተዘጋጁ። ለአልጄሪያውያኑ መሣሪያ የተገዛበት ገንዘብ የመጣው ከፈረንሳይ ቆንስላ ነው። ትናንት ያሰረቻቸው አገር ገንዘብ መሆኑ ነው፤ ታሪክ እንዲህም ይገጣጠማል።

ሐምሌ 9 ቀን 1860 በክርስቲያኖች ላይ ሲያላግጡ የተያዙ ወጣቶች በሰንሰለት ታስረው የክርስቲያኖችን ሰፈር እንዲጠርጉ ተላኩ። ሕዝቡ ይህን ሲያይ ገነፈለ። በባብ ቱማ አካባቢ ያለው የክርስቲያኖች ሰፈር ተቃጠለ፤ ቤት ተዘረፈ፤ በቀናት ውስጥ ሰው በሺዎች ተገደለ። የሞቱት አብዛኞቹ በሊባኖሱ ጦርነት እጃቸው የሌለበት ኦርቶዶክሶችና መልካውያን ነበሩ። ገዳዮቹ ለዲናችን ነው ይሉ ነበር።

አሚሩ ሰዎቻቸውን ይዘው ወደሚነደው ሰፈር ገቡ። ቤት ለቤት እየዞሩ የተደበቀውን እየጠሩ አወጡ። መነኮሳትን፣ በእነርሱ ዘንድ ያሉ ሕፃናትን፣ የፈረንሳይና የሩሲያ ቆንስሎችን ወደ ቤታቸው አመጡ። ሕዝቡ በራቸው ላይ ተሰብስቦ ክርስቲያኖቹን አሳልፈው እንዲሰጡ ሲጠይቅ አሚሩ ወጥተው ድርጊቱ ሸሪዐ የሚከለክለው መሆኑን ነገሯቸው፤ አንድ ወታደራቸው በሕይወት እስካለ ድረስ እንግዶቻቸውን እንደማይሰጡም አስታወቁ። ሕዝቡ ተበተነ። ቤቱ ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ስደተኞቹን በቡድን በቡድን እያጀቡ ወደ ከተማዋ ምሽግ አሻገሩ። ክርስቲያን በሕይወት ለሚያመጣ ሁሉ 50 ቂርሽ እንደሚከፍሉም አስነገሩ። በአልጄሪያ ለምርኮኞች ያወጡት ሕግ በደማስቆ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ የተረፉት በሺዎች ይቆጠራሉ፤ በኋላም ብዙዎቹ በአጀብ ወደ ቤይሩት ደረሱ።

ፍትሕ እንዳይጓደል ይህንንም እንጨምር፤ ብቻቸውን አልነበሩም። በሚዳን ሰፈር ያሉ ሙስሊሞች ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን ጠብቀዋል። ከኢስታንቡል የተላከው ፉአድ ፓሻ ሲደርስ ከ100 በላይ ሰዎችን በሞት ቀጣ፤ አሕመድ ፓሻም በጥይት ተደበደበ።

ቂም ለመያዝ ምክንያት የነበረው ሰው ቢኖር እርሳቸው ነበሩ። አገራቸውን የወሰዱት ክርስቲያን ነን የሚሉ ነበሩ። አሚሩ ግን የፈረንሳይን ጄኔራልና የደማስቆን ዳቦ ጋጋሪ አልቀላቀሉም። እኛ የነጃሺን ውለታ እየሰማን ያደግን የሐበሻ ሙስሊሞች ይህን ልዩነት ለመረዳት ብዙ አንቸገርም።

ከዚያ በኋላ ምስጋናው ጎረፈ። ፈረንሳይ የክብር ሌጌዎንን ታላቅ ኒሻን፣ ጳጳስ ፒዮስ ዘጠነኛ ሜዳሊያ፣ አብርሃም ሊንከን ጥንድ ሽጉጥ ላኩላቸው። በሩሲያ በግዞት የነበሩት የዳጌስታኑ ኢማም ሻሚልም አድናቆታቸውን በደብዳቤ ገለጹ። ለአልጀርሱ ጳጳስ በሰጡት መልስ አሚሩ ያደረጉት የሸሪዐንና የሰብዓዊነትን ግዴታ ብቻ መሆኑን አስረድተዋል።

ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን በዒባዳና በማስተማር አሳለፉ። በግንቦት 1883 በደማስቆ ሲሞቱ በሷሊሕያ ከሙሕዪዲን ኢብን ዐረቢ አጠገብ ተቀበሩ። አልጄሪያ ነፃ ከወጣች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ አፅማቸው ወደ አልጀርስ ተወስዶ በዓልያ መቃብር አረፈ።