ሐዲስ ዓለማየሁና የቅኔ ቤት ድራፍት

እዚህ ኩየራ የጽሕፈት ትምህርት ሐሳብ ማሰባሰብ፣ ድራፍት መጻፍ፣ ማረም እየተባለ በደረጃ ሲሰጠን ዘዴው ሙሉ በሙሉ ከውጭ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ሐዲስ ዓለማየሁን አነሳለሁ።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተከታትለዋል፤ ቅኔም ተቀኝተዋል። የቅኔ ተማሪ ገና እንደገባ ረጅም ቅኔ አይጠየቅም። ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። በየደረጃው መጀመሪያ ገለል ብሎ ብቻውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን እዚያው ያቀናለታል። ማርክ የለም እኮ! ያልሆነለት ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። የዛሬ ተማሪ ግን ድራፍቱ ቀይ እስክሪብቶ በዝቶበት ሲመለስለት ጨርሶ የወደቀ ይመስለዋል።

ሐዲስ በኋላ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ ጣሊያን አገርም ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማትነት ብዙ አገር ዞሩ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜያቸው 56 ገደማ ነበር። በዛብህን የቅኔ ተማሪ ያደረጉት እንዲሁ አይመስለኝም፤ ያን ሁሉ ገጽ የመጻፍ ትዕግሥት ከቆጠራው የመጣ ነው ባይ ነኝ። «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልምዣት»ን በ1980 አስከትለው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።