ጀርባውን ለመርፌ የሰጠው ሐኪም

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ሞተር ብስክሌት ገጭቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረና ለቀዶ ሕክምና ገባሁ። ማደንዘዣውን ወገቤ ላይ ተወጋሁ። ጥቂት ቆይቶ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ይኼስ ደግ ነበር። ወዲያው ግን አጥወለወለኝ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። የማደንዘዣ ባለሙያዋ ዓይኗን ከሞኒተሩ ሳትነቅል በግሉኮሱ መስመር መድኃኒት ሰጠችኝና ነፍሴ ተመለሰች። ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ መድኃኒቱ የሚያደነዝዘው ሕመም የሚያስተላልፉትን ነርቮች ብቻ አይደለም። የደም ሥሮችን ጠበብ አድርገው የያዙትንም ስለሚያላላ የደም ግፊት ይወርዳል። ሽቅብ ወደ ደረት ከወጣ ደግሞ ልብን የሚያፈጥኑትን ነርቮች ይይዝና ምቱ ይዘገያል፤ ሳይደረስበት ከቀረ ልብ እስከ መቆም ይደርሳል።

አልጋ ላይ ሳለሁ የዚህን መርፌ ጀማሪ ታሪክ አነበብኩ።

ኦገስት ቢር እ.ኤ.አ. በ1861 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። ኪል ከተማ በቀዶ ሐኪምነት ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1898 ቁርጭምጭሚቱ በቲቢ የተጎዳ ሠራተኛ ወገብ ውስጥ 15 ሚሊ ግራም ኮኬይን ሰጥቶ ያለ ሕመም ቀዶ አከመው። (የእኔም ቁርጭምጭሚት መሆኑ ገረመኝ።) በዚህ መንገድ ካከማቸው ታካሚዎች አንዳንዶቹ ግን ራስ ምታትና ትውከት ያዛቸው። ቢር ምክንያቱን ለማወቅ ራሱ ጀርባውን ለረዳቱ ለኦገስት ሂልደብራንት ሰጠ። ሐኪሙም ኦገስት፣ ረዳቱም ኦገስት፣ ወሩም ኦገስት!

ሲሪንጁ ከመርፌው ጋር አልገጥም ብሎ የቢር የአከርካሪ ፈሳሽ በከንቱ ፈሰሰ። ረዳቱ ተራውን ተወጋ። ቢር ቅልጥሙን በብረት መዶሻ መታው፣ በተለኮሰ ሲጋር ተኮሰው፤ ሰውየው ምንም አልተሰማውም። ማታ ወይን ጠጥተው ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ረዳቱ ሲያስመልሰው አደረ፤ ቢር ደግሞ ዘጠኝ ቀን ራሱን ቀና ማድረግ አቃተው።

እኔ ከሁሉም ያደነቅሁለት ቀጥሎ ያደረገውን ነው። ግኝቱን በ1899 ቢያሳትምም ኮኬይን መርዛማ መሆኑን ስለተረዳ ሌሎች ሲሽቀዳደሙ እሱ ታቀበ፤ ወደ ዘዴው የተመለሰው የተሻሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ነው። ለነገሩ መድኃኒቱ ቢሻሻልም የግፊቱ መውረድ አልቀረም፤ የሚመጣው ከነርቮቹ መደንዘዝ ነውና። ዛሬ የሚዘወተረው ቡፒቫኬይንም በብዛት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብን ይመርዛል፤ ለወገብ የሚሰጠው መጠን ትንሽ መሆኑ በጀን።

ቢር በ1907 በርሊን ገባ። በ1912 ሳውን የተባለ ርስት ገዝቶ ደን አለማ። በ1937 ከናዚ መንግሥት ሽልማት መቀበሉን ግን አልወደድኩለትም። በ1949 በ87 ዓመቱ እዚያው ሳውን አረፈ።

እኔን ራስ ምታቱ አልያዘኝም። የዛሬው መርፌ ቀጭን ስለሆነ ፈሳሹ እንደ ቢር ዘመን አይፈስም።